አሮጌ ኮምፒዩተርና የሊኑክስ ታሪክ



በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ለብሰው የተደረደሩ ኮምፒዩተሮች ይገኛሉ። ብዙዎቹ ለዚህ የበቁት ተሰብረው ሳይሆን «አርጅተዋል» ተብለው ነው። ይልቁንም በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ስላበቃ፥ ይኸው ፍርድ በሌሎች ብዙ መሣሪያዎችም ላይ መውደቁ አይቀርም። ፍርዱ የተገባ መሆን አለመሆኑን ታሪክን እንጠይቅ።

በ1991 መጀመሪያ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ ባለ 386 ፕሮሰሰር ኮምፒዩተር ገዛ። ራም የተባለው የማስታወሻ ክፍሉ 4 ሜጋባይት ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የጀመረውን ሥራ ለሌሎች ሲያስታውቅ፥ ለጊዜ ማሳለፊያ ያህል እንጂ ታላቅ ነገር እንደማይሆን ገልጦ ነበር። እንግዲህ ሊኑክስ የተወለደው በተማሪ ዐቅም ነው።

ልጅ ሲያድግ ግን ልብሱ ይጠበዋል። በ1996 ኬዲኢ፥ በ1997 ግኖም የተባሉት ገበታዎች ተጀመሩ። በሥዕልና በመስኮት የመሥራትን ምቾት ሲያመጡ፥ ብዙ ራምም ጠየቁ። በ2024 የወጣው ኡቡንቱ 24.04 ለመደበኛ ገበታው 4 ጊጋባይት ራም፥ ባለ ሁለት ኮር 2 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 25 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ የሚጠይቅ ሆነ። ራሙ ብቻ ከዚያ ተማሪ መሣሪያ 1,024 እጥፍ ነው። ሊኑክስ ራሱም በ2013 የተወለደበትን የ386 ፕሮሰሰር መደገፍ ተወ።

ይሁን እንጂ የሊኑክስ ልብስ አንድ ብቻ አይደለም። ኤክስኤፍሲኢን የመሰሉ ቀላል ገበታዎች ለአነስተኛ መሣሪያ ይስማማሉ። ሊኑክስ ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋባይት፥ ለምቾት ደግሞ 4 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል።

ስለዚህ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይመርመር። አንደኛ፥ ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት ነውን? ዴቢያን እንኳ በ2025 በወጣው 13ኛ እትሙ ለባለ 32 ቢቱ አሮጌ ኮምፒዩተር መጫኛ ማዘጋጀቱን አቁሟል። ሁለተኛ፥ ራሙ ስንት ነው? ገበታው ቢቀልም የኢንተርኔት ማሰሻው ራም መብላቱን አይተውምና። ሦስተኛ፥ ዲስኩ የሚሽከረከር ነውን? በኤስኤስዲ ቢለወጥ አሮጌው መሣሪያ ፈጥኖ ይነሣል።

ከዚህ በኋላ ሊኑክስን በፍላሽ አስነሥቶ፥ ዲስኩን ሳይነኩ፥ ዋይፋዩና ማተሚያው መሥራታቸውን መፈተን ይቻላል። ለመጫን ከተወሰነ ግን አስቀድሞ ሰነዶችን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ግዴታ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ከሆነም ለውጡን አለመቸኮል ይሻላል።

አህያን የሚጭን ሰው አስቀድሞ ጀርባዋን ያያል። እኛም መሣሪያውን ሳንመረምር ብንጥለው፥ የምንጥለው ብረት ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ገንዘብ መሆኑን አንርሳ።