ዝቅ ያሉ አውቶሞቢሎችን ለተጎዳ መንገድ ምቹ ማድረግ፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ለሚያሽከረክሩ ባለንብረቶች የተዘጋጀ መረጃ

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝና ግሼ፣ ወይም በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ መርሐቤቴ የሚጓዝ አሽከርካሪ በአንድ ቀን ጉዞ አስፋልት፣ ጠጠርና በከተሞች ውስጥ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ያገኛል። የክረምት ዝናብ በአስፋልት ስንጥቅ እየሰረገ ከሥር ያለውን አፈር ስለሚያላላ፣ ከባድ ተሽከርካሪ ሲያልፍበት ጉድጓድ ይፈጠራል።

ስፖርታዊ ቅርጽ ያላቸው አውቶሞቢሎች ለለስላሳ መንገድ ታስበው የተሠሩ በመሆናቸው አካላቸው ለመሬት የቀረበ፣ ሞላቸው ጠንካራ፣ የጎማቸውም ጎን አጭር ነው። በመሆኑም የጉድጓዱ ምት በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል። ምቾትን ማሻሻል ይቻላል፤ ሆኖም የሚወሰደው እርምጃ የፍሬንንና የመሪን ብቃት የሚቀንስ መሆን የለበትም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች ከአነስተኛ ወጪ ወደ ከፍተኛ ወጪ በቅደም ተከተል የቀረቡ ናቸው።

1. የጎማ አየር

ትክክለኛው የአየር መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ ይገኛል። ልኬቱ የሚወሰደው ጎማው ሳይሞቅ፣ በተለይም ጠዋት ከመነሣት በፊት ነው። የአየር ጠባይ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ የጎማ አየር ከ1 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ይወርዳል። ስለዚህ በቆላው ሙቀት የተሞላ ጎማ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት መሐል ሜዳ ሲያድር ጠዋት እንደገና ሊለካ ይገባል።

ከተጠቀሰው መጠን በላይ መሙላት ጉዞውን ያጎረብጣል። ለምቾት ሲባል ከመጠን በታች ማጉደል ደግሞ የበለጠ አደገኛ ነው፤ ጉድጓድ ሲያጋጥም ቸርኬው ጎማውን ጨፍልቆ ይቆርጠዋል፣ በረጅም ጉዞም የጎማው ጎን ከመጠን በላይ ሞቆ ሊፈነዳ ይችላል።

2. ጎማና ቸርኬ

ከፍተኛ ለውጥ የሚያስገኘው ቸርኬውን አነስ፣ የጎማውን ጎን ከፍ ማድረግ ነው። ለምሳሌ 205/45 ባለ 17 ኢንች ጎማ የጎኑ ቁመት 92 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ195/60 ባለ 15 ኢንች ሲተካ ቁመቱ 117 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሁለቱ ጎማዎች ጠቅላላ ቁመት ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ የፍጥነት መለኪያው ንባብ አይዛባም። ይሁን እንጂ አነስተኛው ቸርኬ የፍሬኑን አካል እንደማይነካ አስቀድሞ ሊረጋገጥ፣ የአዲሱ ጎማ የጭነት አቅምም ፋብሪካው ከወሰነው በታች እንዳይሆን ጥንቃቄ ሊደረግ ይገባል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች በባትሪያቸው ምክንያት ስለሚከብዱ ይህ ጥንቃቄ ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

3. አሞርዛተርና ጎሚኒ

ተሽከርካሪው ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ የሚነጥር፣ አሞርዛተሩ ዘይት የሚያፈስ ወይም ከእግሩ በኩል የመንኳኳት ድምፅ የሚሰማ ከሆነ በባለሙያ ሊታይ ይገባል። ያረጀ አሞርዛተር ጎማው ከመንገዱ እንዲላቀቅ ስለሚያደርግ ተሽከርካሪው ለመቆም የሚፈጅበትን ርቀት ያረዝማል። ይህም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና እንደሚወስደው ባለ ቁልቁለትና ጭጋጋማ መንገድ ላይ ለሕይወት አስጊ ነው። አሞርዛተር የሚቀየረው የግራና የቀኙ በአንድነት ነው።

4. ሞላ

በቀድሞ ባለቤት ሞላው ተቆርጦ ዝቅ የተደረገ ተሽከርካሪ ለሞዴሉ የተሠራ ትክክለኛ ሞላ ሊገጠምለት ይገባል። የተቆረጠ ሞላ የመጭመቂያ ርቀቱ ስለሚያጥር በየጉድጓዱ መጨረሻው ድረስ እየተጨመቀ አካሉን ይመታል። በአንጻሩ ከሞላው ላይ ጠንካራ ማስረዘሚያ በመጨመር ከፍታን ማሳደግ የተሽከርካሪውን ሆድ ከመነካት ቢያድንም ጉዞውን አያለሰልስም፤ በመጠምዘዣም ላይ የመገልበጥ ዝንባሌን ይጨምራል። ከማንኛውም የሞላ ሥራ በኋላ የጎማዎች አቅጣጫ በመሣሪያ መስተካከል አለበት።

5. ምዝገባና ምርመራ

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ሊመዘገቡና ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ሊያልፉ ይገባል። በመሆኑም ከፋብሪካው ይዘት የሚለይ ለውጥ ለማድረግ የሚፈልግ ባለንብረት ሥራውን ከማስጀመሩ በፊት ተሽከርካሪውን የመዘገበውን መሥሪያ ቤት፣ እንዲሁም የመድን ድርጅቱን መጠየቅ ይኖርበታል። የተተኩ ዕቃዎችን ደረሰኝ መያዝም ይጠቅማል።

6. በጉዞ ላይ

ጉድጓድ ሲታይ ፍጥነትን አስቀድሞ መቀነስና ጎማው ከመግባቱ በፊት ፍሬኑን መልቀቅ ምቱን ያቀላል። ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ ጥልቀቱ ስለማይታወቅ በዝግታ ሊታለፍ ይገባል። ከከባድ ምት በኋላ ጎማው ያበጠ፣ ቸርኬው የተሰነጠቀ ወይም መሪው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ጉዞውን ከመቀጠል በፊት በቅርብ ለሚገኝ ጎሚስታ ወይም ጋራዥ ማሳየት ያስፈልጋል።

ለትራፊክ አደጋ የሚያጋልጥ ጉድጓድ ሲያጋጥም በፌዴራል መንገዶች ላይ ከሆነ ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ በከተማ ውስጥ ከሆነ ለከተማው አስተዳደር ማሳወቅ ይቻላል። ጥቆማው የቦታውን ስም፣ የቅርብ ምልክትና የጉዞውን አቅጣጫ የያዘ ቢሆን ጉዳቱ ያለበትን ስፍራ በፍጥነት ለማግኘት ይረዳል።