እስከ መቃብር በ1.5 ፍጥነት

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ፍቅር እስከ መቃብርን በትረካ እየሰማሁት ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። «በ1.5 ፍጥነት» ብሎ ሲጨምርበት ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በ1.5 ፍጥነት! ያን የመሰለ ተራኪ «መገናኛ፣ መገናኛ፣ መገናኛ» የሚል ወያላ አደረገው እኮ።

አልፈርድበትም፤ መጽሐፉ ቶሎ አይጀምርም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ታሪክ ነው ይባላል እንጂ፣ መጀመሪያ የምናገኘው የበዛብህን እናትና አባት ነው። ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ እስኪገናኙ፣ እስኪጋቡ፣ እስኪወልዱ፣ ልጁም አድጎ ቆሎ ተማሪ እስኪሆን እንጠብቃለን። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ያልያዘንን ቪዲዮ ሁሉ በአውራ ጣት ገፍተን ለምናልፍ ለእኛ ይሄ ድፍረት ነው።

በደርግ ዘመን ይሄው መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተረክ ሰዉ ሬዲዮ ከቦ ያዳምጥ ነበር። ማፍጠኛ የለ፣ መዝለያ የለ። የዕለቱ ክፍል ካለቀ አለቀ፤ «ሰብለ ምን ትሆን?» እያሉ መብሰልሰል ነው።

ሐዲስ ይሄን አረማመድ ከየት አመጡት? በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም የተወለዱት ደራሲ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። ዲማ ከብቸና ብዙ አይርቅም፤ ደብረ ወርቅ ደግሞ ከብቸና ወደ ሞጣ ስትሄዱ መንገድ ላይ ነው። አገሩ የቅኔ አገር ነው። ከቅኔ ትንሹ፣ ጉባኤ ቃና የሚባለው፣ 2 ቤት ብቻ ነው። ከኤስኤምኤስ ያጥራል! ተማሪው ግን ለዚያች 2 ቤት ከሰው ተለይቶ ሲቆጥር ይውላል፤ ሰሚውም ሰሙን አልፎ ወርቁን እስኪያገኝ ቆም ይላል። አጭር ነገር ሁሉ ፈጣን አይደለም ማለት ነው።

ይሄን ስል «ድሮ ቀረ» ብዬ ላላዝን አይደለም። መዘግየት ሁሉ አይጣፍጥም፤ ሞጣን ጠይቁ። ከሞጣ በኩል ዓባይን አሻግሮ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው የፋሲል ዘመን ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» ተብሎ ቀረ። ከ60 ዓመት በላይ ገበያተኛው ተራውን ጠብቆ፣ በገመድ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ ማዶ በቆሙ ጎበዞች ጉልበት እየተጎተተ ተሻገረ። ከታች ዓባይ አለ። በ1994 ዓ.ም. ተጠገነ፤ በኋላ ጎርፍ ሲያፈርሰው ደግሞ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። «ወይ ያ ገመድ!» ብሎ የሚናፍቅ ሰው የሚኖር አይመስለኝም።

ፍቅር እስከ መቃብርም ቢሆን መዘግየትን አያወድስም። እንዲያውም ክሱ እዚያው ላይ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ ዘሩ አይመጥነንም እያሉ ይመልሳሉ። ዓመት በዓመት ላይ ይደረባል፤ እኩዮቿ ይዳራሉ፤ ሰብለ ዲማ ላይ ቁጭ ብላለች። በዛብህ ሊያስተምራት ወደዚያ ቤት ሲገባ የሚያገኛት ወጣትነቷ በአባቷ ኩራት ሲባክን የኖረች ሴት ናት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ትዕግሥቱ ያለቀበት ጉዱ ካሳ ነው። ይሄ ሥርዓት ይለወጥ ቢል እንደ እብድ ቆጠሩት። ወዳጄ ቀስ ብሎ ቢሰማ ኖሮ የልቡን ሰው እዚያው ያገኝ ነበር።

የሰብለን መጠበቅ ግን በሩጫ መስማት አይቻልም። እሷ ዓመታት የተቀመጠችበት ቤት ውስጥ እኛ ጥቂት ምሽት እንኳ አብረናት ካልተቀመጥን፣ ያቺ የፊታውራሪ ልጅ ቤት ንብረቷን ጥላ በዛብህን ፍለጋ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ «ምን አስቸኮላት?» ነው የምንለው።