የስንብት ወረቀት

«ስንብት» በአማርኛችን ሁለት ነገር የተሸከመ ቃል ነው። ለመንገደኛ ሲነገር ምርቃትና እንባ ያለበት የመለያየት ወግ ነው፤ ለወታደር ሲነገር ግን ቁጥርና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ሰውዬው የአገልግሎት ዘመኑን ፈጽሞ ወጣ፣ በሐኪሞች ቦርድ ወጣ፣ ከዳ ወይስ ተባረረ የሚለው አንድ መስመር ጡረታውን ይወስናል፤ በመንደሩ የሚጠራበትን ስም ይወስናል፤ አንዳንድ ጊዜም ልጆቹ ስለ አባታቸው የሚናገሩትን ይወስናል። እኔ እዚህ ላነሣው የፈለግሁት ይህ መስመር ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ማን ያርመዋል የሚለውን ጥያቄ ነው። በሌሎች አገሮች ጥያቄው ረጅም ታሪክ አለው። በእኛ አገር ግን ሠራዊቱ ራሱ ስለ ፈረሰ፣ ጥያቄው የሚቀርብበት በር አብሮ ፈርሷል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1975 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነውን ዜጋ ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት ዘመቻ ግዴታ ጣለበት። ሁለቱ ዓመት በወረቀት ላይ ሁለት ዓመት ነበር፤ በሰሜን ጦር ግንባር ግን የሚተካ ሲጠፋ እየተራዘመ ይሄድ ነበር። እኔ በ1980 ዓ.ም. የትምህርት ዕድል አግኝቼ ወደ ላይፕዚግ ስሄድ የዕድሜ እኩዮቼ በየቀበሌው እየተመዘገቡ ይዘምቱ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም። ዛሬ በሕክምና ክፍሌ የሚቀመጡት የቀድሞ ወታደሮች አብዛኞቹ የእኔ ዕድሜ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ከአገር ወጡ። ከሳምንት በኋላ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሠራዊት ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ከፊሉ በአሥር ሺዎች ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ ከፊሉ ከኤርትራና ከትግራይ በእግሩ እየተጓዘ፣ በቀይ መስቀልና በአገሬው ሕዝብ እጅ እየጎረሰ ወደ መሐል አገር ወረደ። ወዲያው የተቋቋመው የቀድሞው ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሰዎቹን በካምፕ ሰብስቦ መዘገበ፣ «ተሃድሶ» የተባለውን ትምህርት ሰጠ፣ ስንቅ አስያዘና ወደየትውልድ ቦታቸው ሸኘ። ሥራው በፍጥነትና በብዛት ሲለካ በአፍሪካ ከታዩት ታላላቅ የትጥቅ ማስፈታት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ከገንዘቡ አንዱ ክፍል የመጣው ከጀርመን መንግሥት ሲሆን፣ መልሶ ማቋቋሙን ያገዘው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ በዘመኑ አጠራር ጂቲዜድ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኤሽቦርን ነበር። ኤሽቦርን ይህን ጽሑፍ ከምጽፍበት የፍራንክፈርት መሐል ከተማ፣ ከኢነንሽታት፣ በከተማ ባቡር ግማሽ ሰዓት አያስኬድም። ለቀድሞው ወታደር የተገዛው የእርሻ መሣሪያና የተከፈለው የሥልጠና ወጪ በከፊል በዚህ ሠፈር ጠረጴዛዎች ላይ ሲታቀድ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ኮሚሽኑ የተቋቋመው ሰውን ለማቋቋም እንጂ ፋይል ለመመርመር አልነበረም። ከ1983 ዓ.ም. በፊት በክፍለ ጦር ደረጃ የተጻፈ የስንብት ውሳኔ እንደ ተጻፈ ቀረ። ወሳኙ ክፍል ፈረሰ፤ ውሳኔው ግን አልፈረሰም።

ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዱን ከጥቂት ጊዜ በፊት እንድመረምር ተጠይቄአለሁ። ባለቤቱ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ስማቸውን አልጠቅስም። በብሔራዊ ውትድርና ዘምተው በናደው ዕዝ ሥር ያገለገሉ ሲሆን፣ በ1981 ዓ.ም. የተሰጣቸው ወረቀት በግል መሣሪያቸው ግራ እጃቸውን በማቁሰል ከግዳጅ ለማምለጥ ሞክረዋልና ያለ ምንም ጥቅም እንዲሰናበቱ ተወስኗል ይላል። እሳቸው ደግሞ የቆሰልሁት በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ከአፋቤት ወደ ከረን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በፈንጂ ፍንጣሪ ነው ይላሉ። የሚጠይቁት ወረቀቱ እንዲታረምና «በጦር ሜዳ ቆስሎ በቦርድ የተሰናበተ» እንዲባሉ ነው። ማመልከቻቸውን ወደ አገር ቤት ሲልኩ በራሳቸው ቃል ብቻ አይበቃም በማለት የሐኪም ማስረጃ ፈለጉ። «ዶክተር፣ እርስዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ አይተው ያዩትን እንዲጽፉልኝ ነው» አሉኝ።

ራስን ማቁሰል በየትኛውም ሠራዊት የሚፈራና የሚጠረጠር ነገር ነው። ጥርጣሬው የሚጀምረው ከቦታው ነው፤ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ጠመንጃውን ይዞ ሊያቆስል የሚችለው ግራ እጁን ወይም እግሩን ነው። ስለዚህ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንኳ ግራ መዳፉን የቆሰለ ወታደር ሁሉ በሐኪም ዓይን አስቀድሞ ተከሳሽ ነበር። ሁለተኛው ምልክት ርቀት ነው። አፈ ሙዙ ወደ ቆዳ ሲጠጋ ጥላሸትና ያልተቃጠለ የባሩድ ቅንጣት በቁስሉ ዙሪያ እንደ ንቅሳት ይቀራል። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ይህን ምልክት መፈለግ ከንቱ ነው፤ ቆዳው ታድሷል። አጥንትና ብረት ግን አይረሱም። የጠመንጃ ጥይት ከቅርብ ሲተኮስ አንድ መንገድ አለው፤ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ሲወጣ በመዳፉ ውስጥ ያሉትን አጥንቶች ያደቅቃል፣ ስብራቱም ሲጠገን ብዙ ጊዜ ጠማማ ሆኖ ይቀራል።

በእኒህ ሰው ራጅ ላይ ያየሁት ይህን አልነበረም። የመዳፋቸው አጥንቶች ከአንድ ጣት በቀር ቀጥ ያሉ ናቸው። ቅርጻቸው የተለያየ፣ ጫፋቸው የተሰነጣጠረ ሰባት የብረት ቁርጥራጮች በተለያየ ጥልቀት ተበትነው ይታያሉ። ሦስቱ በእጃቸው፣ ሦስቱ በክንዳቸው ውስጥ ሲሆኑ፣ ሰባተኛው ከግራ ትከሻቸው አጥንት በስተኋላ ተቀብሯል። ጀርባን በራስ ጠመንጃ ማቁሰል አይቻልም። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፤ ራጅ ሐሳብን አያነሣም። ሰውዬው ፈርተው ነበር ወይስ አልፈሩም፣ እየሸሹ ነበር ወይስ እየተዋጉ፣ ፍንጣሪው የጠላት ሞርታር ነው ወይስ የገዛ ወገናቸው ቦምብ፣ ይህን ሁሉ አይናገርም። የመጨረሻውን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። በአፋቤት ውድቀት ጊዜ በጠባቡ መተላለፊያ ላይ የተዘጋው የታንክና የመኪና ሰልፍ ንብረቱ በሻዕቢያ እጅ እንዳይወድቅ በራሱ በመንግሥት አየር ኃይል መደብደቡ የታወቀ ታሪክ ነው። ወረቀቱ ግን «በግል መሣሪያው» ብሎ አንድ የተወሰነ ነገር ይናገራል፤ ያ የተወሰነ ነገር ከሰውዬው አካል ጋር አይስማማም። በምስክር ወረቀቴ የጻፍሁት ይህንኑ ብቻ ነው።

ታዲያ ያ መስመር እንዴት ተጻፈ? ሐኪም ይህን ሊመልስ አይችልም፤ የዘመኑን አየር ማስታወስ ግን ይቻላል። ገና አፋቤት ሳይወድቅ፣ በየካቲት 1980 ዓ.ም.፣ የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ተረሽነዋል። ከወር በኋላ ዕዙ ራሱ በሦስት ቀን ውጊያ ተበተነ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለቀበትንና የተማረከበትን ይህን ውድቀት እንግሊዛዊው ጸሐፊ ባዚል ዴቪድሰን ፈረንሳዮች በቬትናም፣ በዲየን ቢየን ፉ፣ ከደረሰባቸው ሽንፈት ጋር አመሳስሎታል። ጄኔራሉ በተረሸኑበት ሠራዊት ውስጥ የሻለቃ አዛዥና የፖለቲካ ኮሚሳር ለሽንፈቱ ተጠያቂ መፈለጋቸው አይቀርም። ግራ እጁ የቆሰለ የ19 ዓመት ልጅ ለዚህ ከተገኘ ደግሞ የሚከራከርለት አልነበረም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ በምስክር ወረቀቴም አላስገባሁትም።

ወደ ሌሎች አገሮች ልሻገር። በአሜሪካ ስንብት በአምስት ደረጃ የተከፈለ ነው፤ ከላይ የክብር ስንብት፣ ከታች ደግሞ በወታደራዊ ፍርድ ቤት የሚወሰነው የውርደት ስንብት አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 ለዘማቾች የወጣው ታላቁ ሕግ ስንብቱ እንዲሻሻልለት የሚጠይቅ ወታደር የሚሰማበት ቦርድ አቋቁሟል፤ ማመልከቻው በ15 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በዚያው ዘመን በሰማያዊ ወረቀት ላይ ታትሞ ይሰጥ የነበረ፣ ክብርም ውርደትም ያልተባለ አንድ የስንብት ዓይነት ነበር። ከቁጥራቸው በላይ የተመታበት ጥቁር ወታደሮችና በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር የተጠረጠሩ ነበሩ፤ በ1947 ተሻረ። ከቬትናም በኋላ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1977 ልዩ የማሻሻያ ፕሮግራም አወጡ። የአእምሮ ቁስል፣ ማለት ከጦርነት በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም፣ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ ስም ያገኘው በ1980 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በዚሁ ሕመም አብዶ የጠፋ ብዙ ወታደር «ዲሲፕሊን የሌለው» ተብሎ ተሰናብቷል። በ2014 የመከላከያ ሚኒስትሩ ቸክ ሄግል ቦርዶቹ ይህን ሕመም በቅንነት እንዲመለከቱ መመሪያ ሰጡ። ዛሬ ሕጉ አመልካቹ በዚህ ሕመም የተጎዳ ሲሆን ከቦርዱ አባላት ውስጥ ሐኪም ወይም የሥነ ልቡና ባለሙያ እንዲኖር ያዛል።

ጀርመን ግን ለእኛ የበለጠ የሚቀርብ ምሳሌ ናት፤ ምክንያቱም እዚህም የፈረደው ሠራዊት ፈርሷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደራዊ ፍርድ ቤቶች 150 ያህል ሰው በሞት ቀጥተው 48ቱን ገደሉ። በሁለተኛው የሞት ፍርዱ ወደ 30,000 ደረሰ፤ ከ20,000 በላይ ተፈጸመ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ዳኞቹ ጡረታቸውን ሲበሉ፣ የከዱት ወታደሮች ወንጀለኞች ሆነው ቀሩ። ከባሕር ኃይል ዳኞቹ አንዱ የነበሩት ሐንስ ፊልቢንገር የአንድ ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰው ነበር። ያኔ ሕግ የነበረ ነገር ዛሬ ጥፋት ሊሆን አይችልም በማለት ተከራክረው፣ በ1978 ሥልጣን ለመልቀቅ ተገደዋል። በዚያ ክርክር ውስጥ ያለው ሐሳብ ከአገራችን ቢሮክራሲም አንደበት የማይጠፋ ነው።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ፍርድ ቤት ነው። ካስል ከተማ የሚቀመጠው የፌደራል ማኅበራዊ ጉዳዮች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1991 ዓ.ም. የአንዲት የተገደለ ወታደር ሚስት የጡረታ ጥያቄ ሲመለከት፣ የእነዚያ ፍርድ ቤቶች የሞት ፍርድ ከመነሻው ሕገ ወጥ እንደ ሆነ ሊገመት ይገባል አለ። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 6 ቀን 1983 ነው፤ በአገራችን በዚያው ወቅት የፈረሰው ሠራዊት ገና በየካምፑ እየተመዘገበ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕግ አውጪው ተከተለ። የ1998ቱ ሕግ ከፍርዶቹ ብዙዎቹን ሻረ፤ የከዱትን ግን ጉዳያቸው አንድ በአንድ እንዲመረመር ተዋቸው። በ2002 ሕጉ ሲሻሻል የእነሱም በጅምላ ተሻረ። በ2009 ደግሞ «የጦርነት ክህደት» የተባለው ተጨመረ። ለዚህ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ሉድቪግ ባውማን በ1942 ቦርዶ ላይ ከድቶ ተይዞ ሞት የተፈረደበት መርከበኛ ነበር። ፍርዱ ተለውጦለት ሳለ ሳይነገረው በሞት እስረኞች ክፍል ለወራት ቆየ። ስሙ በሕግ ሲጸዳ ዕድሜው 80 ነበር፤ በ2018 ዐረፈ። እነዚህ ሰዎች ምሕረት አልጠየቁም፤ ምሕረት ጥፋተኛ ለሆነ ሰው ነውና። የጠየቁት ፍርዱ እንዲሻር ነው።

በእኛ አገር ሁለቱ ተደባልቀዋል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የምሕረት አዋጅ በፖለቲካ ጉዳይ ለተከሰሱና ለተፈረደባቸው በር ከፍቷል፤ የሚሰጠው ግን ምሕረት ነው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥት ሤራ ተከሰው የታሰሩት ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌና ብርጋዴር ጄኔራል ተፈራ ማሞ ማዕረጋቸውና የጡረታ መብታቸው ተመልሶላቸዋል። አሳምነው ከዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም.፣ ከባሕር ዳሩ ግድያ ጋር ተያይዞ ተገድለዋል፤ ስለዚያ የሚባለው ብዙ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን አይደለም። እዚህ የሚያስፈልገን የማዕረጉ መመለስ ብቻ ነው። የስንብት መስመር ሊታረም እንደሚችል፣ መንግሥት ፈቃዱ ካለው በአንድ ቀን እንደሚታረም አሳይቷል። ነገር ግን የታረመው በመሪዎች ውሳኔ እንጂ ማንኛውም ተራ ወታደር ቁጥር ይዞ በሚገባበት ቦርድ አይደለም። የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ በ1988፣ በ2006 እና በ2011 ዓ.ም. ተተክቷል። እኔ እስከማየው በሦስቱም ውስጥ የፈረሰው ሠራዊት አባል ከመፍረሱ በፊት የተሰጠውን የስንብት ምክንያት የሚያስመረምርበት መንገድ አልተቀመጠም።

እንዲህ ያለ ቦርድ ቢቋቋም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሕግ ሰው፣ ከቀድሞው ሠራዊት የሚያውቅ አንድ መኮንን፣ ከተቻለም ቁስልን ማንበብ የሚችል ሐኪም ይበቃሉ። የማስረጃ ሸክሙን ግን በአመልካቹ ላይ መጣል አይገባም፤ መዝገቡን የጠበቀው መንግሥት እንጂ ወታደሩ አልነበረም። ፋይሉ ከጠፋ የካስሉ ፍርድ ቤት እንዳደረገው ግምቱ ለአመልካቹ ሊሆን ይገባል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሰጥ ጉዳይም አይደለም። በ1975ቱ አዋጅ መጀመሪያ ከዘመቱት ወጣቶች ትንሹ ዛሬ 60 ዓመት ገደማው ነው፤ ትልቁ 70ን ተሻግሯል። የዚያ ዘመን የጦር ሆስፒታል ሐኪሞችና አስታማሚዎች ደግሞ ከዚህም ይገፋሉ፤ የሰው ምስክር የሚገኘው እነሱ በሕይወት እስካሉ ነው።

የጎጃሙ ሰው ማመልከቻ ከራጁ ግልባጭና ከሁለት ገጽ የሐኪም አስተያየት ጋር፣ በጀርመንኛና በአማርኛ፣ ዳግመኛ ተልኳል። እስካሁን የደረሳቸው ምላሽ ፋይላቸው እየተፈለገ ነው የሚል ነው።