የታችኛውን ማን ያውጣልኝ?

ጣሊያን በወረራው ዘመን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር «መርካቶ» አለው። ስሙን ጣሊያን ያውጣው እንጂ ሕጉን ያወጡት ነጋዴዎቹ ናቸው። ከሕጎቹ አንዱ «ዓይንህን አትመን» ይላል። እኔ ይኼን የተማርኩት በርበሬ ተራ ካሉ አንዲት ጎረቤታችን ነው። እትዬ ነው የምላቸው። ከጆንያው አፍ ላይ ያለው ደማቅ ዛላ አያታልላቸውም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ከታች ይዘግናሉ። የታችኛው እርጥብ ከሆነ በቃ፣ ግብይቱ አበቃ።

እኒህ ሴትዮ ናቸው እንግዲህ የታመሙት። ጣፊያቸው አበጠ፣ ላብ በላብ ሆነው ማደር ጀመሩ። ደማቸው ሲመረመር ክሮኒክ ማየሎይድ ሉኪሚያ የሚባል የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ጣፊያው ጎደለ፣ ምግብ ተስማማቸው፣ ሱቃቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ታዲያ ኪኒኑን ቀን እየዘለሉ እንደሚውጡ በኩራት ነገሩኝ። «ድኛለሁ እኮ ልጄ! የተረፈውን ለክፉ ቀን ላስቀምጠው ብዬ ነው።»

ደነገጥኩ። ይህን ስህተት ከእሳቸው በፊት የተማሩ ሰዎችም ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1956 ሚን ቹ ሊ የተባለ ቻይና ተወላጅ ሐኪም በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ውስጥ ከእንግዴ ልጅ የሚነሳ ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች ሜቶትሬክሴት በተባለ መድኃኒት ያክም ነበር። እብጠቱ ከራጅ ላይ ጠፋ። ሁሉም «ዳኑ» አለ። ሊ ግን ካንሰሩ የሚያመነጨው ሆርሞን ገና አልጠፋም ብሎ መድኃኒቱን ቀጠለ። አለቆቹ በሕሙማኑ ላይ ትሞክራለህ ብለው አሰናበቱት። በኋላ ሲታይ ሕክምናው ቀደም ብሎ የተቋረጠባቸው ሴቶች በሽታው አገረሸባቸው፤ ሆርሞኑ እስኪጠፋ የታከሙት ግን ዳኑ። ሊ እ.ኤ.አ. በ1972 የላስከር ሽልማት ተሸለመ። ያኔ ሆርሞኑ የሚለካው ከሽንት ነበር፤ ዛሬ ከደም ይለካል።

የእትዬ በሽታም የራሱ ምልክት አለው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ ፊላደልፊያ ውስጥ በእንዲህ ያሉ ሕሙማን ደም ውስጥ አንድ ያጠረ ክሮሞዞም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠው እንደሆነ አሳየች። ከልውውጡ የሚፈጠረው ጂን በሽታውን ያንቀሳቅሰዋል፤ ኪኒኑም የሚያፍነው የዚያን ጂን ሥራ ነው። ስለዚህ ጂኑ በደም ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ መለካት ይቻላል። በሦስተኛው ወር ከ10 በመቶ በታች ከወረደ መጪው ጊዜ መልካም እንደሚሆን ይጠቁማል። ካልወረደ ሐኪሙ መጀመሪያ «ኪኒኑን በየቀኑ ትውጫለሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም ሌላ መድኃኒት ያስባል። ይኼ ሁሉ ሰውነት ምንም ሳይናገር ነው።

ይኼን ለእትዬ በራሳቸው ሕግ አስረዳኋቸው። «ጣፊያው የጎደለው ከላይ ያለው ዛላ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ የታችኛውን ማን ያውጣልኝ?» አሉኝ።

የጥያቄው መልስ የኛ የራሳችን ታሪክ ነው። ኪኒኑ፣ ግሊቬክ፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። በዓመቱ ግን አምራቹ ኖቫርቲስና ማክስ ፋውንዴሽን መክፈል ለማይችሉ የልዩ ልዩ አገር ሕሙማን በነፃ ማዳረስ ጀመሩ፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩልም ለኛ ሰው ደረሰ። ስንቱ ተርፎበታል! ሆኖም መድኃኒቱ ሲመጣ ሚዛኑ አብሮ አልመጣም። ጂኑን የሚለካው ምርመራ አገር ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ ለብዙ ዓመታት ክትትሉ በአመዛኙ ነጭ የደም ሕዋስ በመቁጠርና ጣፊያ በመዳበስ ነበር። ይኼ የጆንያውን አፍ ማየት ነው።

የሚያስቆጨው ደግሞ መሣሪያው ሩቅ አለመሆኑ ነው። ሆስፒታሎቻችን ሳንባ ነቀርሳ የሚመረምሩበት ጂን ኤክስፐርት የተባለው ማሽን፣ የሚጎርሰው ካርትሪጅ ሲቀየር ይህንኑ ጂን ይለካል። ማሽኑን ለአንዱ በሽታ ገዝተን ለሌላው ካርትሪጁን ማጣት ሚዛን ይዞ ድንጋዩን እንደመርሳት ነው። ለመድኃኒት እርዳታ ስንለምን መለኪያውንም አብረን እንጠይቅ፤ በጀት ሲያዝም አብሮ ይያዝ።

እትዬ ባለፈው ሳምንት ለዚሁ ምርመራ ደም ሰጥተዋል። ውጤቱ ገና ነው። ኪኒኑን ግን አሁን አይዘሉም፤ ቁርሳቸውን በልተው፣ የመጀመሪያው ጆንያ ሳይፈታ ይውጡታል።