የመንዝ ገብስና የኮምፒዩተር ትንበያ

ሌሊት ውርጭ፣ ጧት የሚፋጅ ፀሐይ። ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ ባሉት የመንዝና የግሼ ደጋዎች ገብስ የሚያድገው በዚህ መካከል ነው። ቅጠሉ በበረደው ጊዜ ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍበት፣ ቀድሞ የሚጎዳው ዲ1 የተባለው ፕሮቲን ነው።

ብርሃን አስተፃምሮ፣ ማለትም ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅበት ሂደት፣ በፕሮቲኖች ይከናወናል። ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ሲሆን፣ ሥራውን የሚሠራው ተጣጥፎ ቅርጹን ሲይዝ ነው። ዲ1 ክሎሮፊል ይዞ ውኃ በሚሰነጠቅበት ሥፍራ ይገኛል። ብርሃን ይጎዳዋል፣ ተክሉ በአዲስ ይተካዋል፤ ብርድ ግን ጥገናውን ያዘገየዋል። ዲ1 ከተክል ተክል ብዙም ስለማይለያይ፣ ተመራማሪ ልዩነት የሚፈልገው በሚጠግኑትና በሚከላከሉት ፕሮቲኖች ላይ ነው።

የአንድን ፕሮቲን ቅርጽ በቤተ ሙከራ ማወቅ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ዳይዘንሆፈር፣ ሁበርና ሚሸል የአንድ ባክቴሪያን የብርሃን አስተፃምሮ ማዕከል ቅርጽ በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ኖቤል ተሸልመዋል። አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም ዛሬ ከአሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ተነስቶ ቅርጹን ይተነብያል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ትንበያዎች በነፃ ቀርበዋል። ፈጣሪዎቹ ደሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከዴቪድ ቤከር ጋር ተጋርተዋል። ሆኖም ትንበያ በማሳ ላይ መረጋገጥ አለበት፤ ቅጠሉ በውርጭ ሌሊት ምን እንደሚሆን ቅርጹ ብቻውን አይናገርም።

የሕግ ጥያቄም አለ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያለ ፈቃድ የጄኔቲክ ሀብታችንን መውሰድ ይከለክላል። ለትንበያ ግን ዘሩ አያስፈልግም፤ በኢንተርኔት የተጫነው ቅደም ተከተል ይበቃል። ኬላ ላይ የሚፈተሽ ከረጢት የለም። ሥጋቱም ባዶ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ቫይረስን የመቋቋም ባሕርይ የካሊፎርኒያን ገብስ ጠቅሟል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ የሆነው የካሊ ፈንድ፣ በዲጂታል የዘረ መል መረጃ የሚጠቀሙ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ ይጠይቃል። ነገር ግን አያስገድድም።

መንዞች ጓሳን በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀዋል፤ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ ደንብ ነበረው። የገብሳቸው መረጃም ደንብ ያሻዋል። ቢያንስ የምርምር ፈቃድ ሲሰጥ፣ ቅደም ተከተሉ በወጣበት ሁሉ የዘሩ መገኛ እንዲመዘገብና የገበሬው ድርሻ እንዲከበር በውሉ ይጻፍ።