ትንፋሽ የመለሰ ክኒን

ታሪክ ሲባል በብዙ ተማሪዎቻችን አእምሮ ቶሎ የሚመጣው ዘውድ፣ ጦርነትና ውል ነው። መድኃኒትም የራሱ ታሪክ አለው ቢባሉ ጆሮ የሚሰጡት ጥቂቶች ናቸው። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ታሪክ የማስተምረው እኔ ራሴ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ጆሮ ከማይሰጡት ወገን ነበርኩ። ሐሳቤን ያስለወጡኝ በጅቡቲ ከተማ፣ አምቡሊ በሚባለው ሰፈር ብዙ ዘመን የኖሩት አጎቴ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አምቡሊ ለጅቡቲ አውሮፕላን ማረፊያ ስሙን የሰጠ ሰፈር ነው። በአጠገቡ የሚያልፈው የአምቡሊ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሲሆን ዝናብ በጣለ ጊዜ ግን ሳይታሰብ ይሞላል። በሚያዝያ ወር 2004 የመጣው ጎርፍ ከ50 የማያንሱ ሰዎችን ገድሏል። ላዩ ቢደርቅም ከአሸዋው ሥር ውሃ ስለማይጠፋ፣ ጅቡቲ ገና በተቆረቆረችበት ዘመን ከተማዋ የምትጠጣው ከአምቡሊ ጉድጓዶች ነበር። እኛ ዘንድ ክረምት በሚሆንበት ወራት ሐምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ይነሣና አቧራውን እየጠረገ ቤት ውስጥ ይከተዋል። በዚያ ወራት ጤነኛ ሰው እንኳ ደረቱ ይከብደዋል።

አጎቴ በወጣትነታቸው ከድሬዳዋ ወደዚያ ወርደው በወደቡ የሲሚንቶና የዱቄት ጆንያ ሲሸከሙ ኖሩ። ሲጋራም ያጨሱ ነበር። ዕድሜያቸው ሃምሳን ሲያልፍ ደረታቸው ማፏጨት ጀመረ። ሌሊቱን ተቀምጠው ማደር፣ ከቤት እስከ ሱቅ ሦስት ጊዜ ቆመው ማረፍ መጣ። አንድ ሐኪም መርምረዋቸው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ትንሽ ክኒን ለሰባት ቀን አዘዙላቸው። በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ገበያ ሄዱ። ሰባቱ ቀን አልቆ ትንፋሻቸው እንደገና ሲያጥር ግን ወደ ሐኪሙ አልተመለሱም፤ ባዶውን ማሸጊያ ለመድኃኒት ሻጭ እያሳዩ መግዛት ቀጠሉ። እኔም በዓመት አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው ስሄድ ከአገር ቤት ገዝቼ አደርስላቸው ነበር። ከበርበሬውና ከሽሮው ይልቅ በጉጉት የሚቀበሉኝ ያንን ነበር። ፊታቸው እየሞላና እየከበበ፣ አንገታቸው ሥር ሥጋ እየጣለ ሲሄድ ዘመድ ሁሉ «አምቡሊ ተስማማዎት» ይላቸው ጀመር። በእኛ ዘንድ መወፈር የድሎት ምልክት ስለሆነ ክፉ ነገር ነው ብሎ የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም።

ይህ ክኒን ከየት መጣ? ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን በላይ አንድ አንድ ትንሽ ዕጢ አለ፤ አድሬናል ይባላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን እነዚህ ዕጢዎች የተበላሹበት ሰው እየደከመና ቆዳው እየጠቆረ ሄዶ እንደሚሞት በ1855 ጻፉ። ዕጢዎቹ ያለ እርሱ መኖር የማይቻል አንድ ነገር እንደሚያመነጩ ከዚያ በኋላ እየታወቀ ሄደ፤ ያ ነገር ምን እንደሆነ ለይቶ ለማውጣት ግን 80 ዓመት ያህል ፈጀ። በ1930ዎቹ በአሜሪካ፣ በሮቼስተር ከተማ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ኤድዋርድ ኬንዳል፣ በስዊዘርላንድ ደግሞ ታዴዎስ ራይክሽታይን ከዕጢው ብዙ ንጥረ ነገሮችን በየፊናቸው ለይተው አወጡ። ከእነዚህ አንዱን ኬንዳል «ኮምፓውንድ ኢ» አሉት።

በዚያው በማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የሚባሉ የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪም ነበሩ። በ1929 አንድ በሽተኛቸው የወፍ በሽታ ሲይዘው የመገጣጠሚያው ሕመም እንደተወው አስተዋሉ። ሕመሙን የሚያስታግሰው ነገር በሰውነት ውስጥ ያለ መሆን አለበት ብለው ሃያ ዓመት ያህል ሲፈልጉት ቆዩ። በመካከሉ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የጀርመን አውሮፕላን አብራሪዎች የአድሬናል ጭማቂ እየወሰዱ እጅግ ከፍ ብለው ይበርራሉ የሚል ወሬ ተነዛና የአሜሪካ መንግሥት ምርምሩ እንዲፋጠን አደረገ። ወሬው መሠረት አልነበረውም። የታሪክ መምህር እንደመሆኔ ይህን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ፤ የሐሰት ወሬ እውነተኛ መድኃኒት ሲወልድ በየዘመኑ አይታይም።

በ1944 ሉዊስ ሳሬት የተባሉ የመርክ ኩባንያ ኬሚስት ከበሬ ሐሞት ተነሥተው ከሠላሳ በላይ በሆኑ ደረጃዎች ጥቂት ኮምፓውንድ ኢ ሠሩ። መስከረም 21 ቀን 1948 በመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ ላይ የዋለች የ29 ዓመት ሴት በማዮ ክሊኒክ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች። በጥቂት ቀናት ውስጥ መራመድ ቻለች፤ ሳምንት ሲሞላትም ዕቃ ልትገዛ ወደ ከተማ ወጣች። ኮምፓውንድ ኢ ኮርቲዞን ተባለ። በ1950 ኬንዳል፣ ራይክሽታይንና ሄንች የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ከዕጢ ጥናት ሆስፒታል ውስጥ ተገብቶ ስዊድን እስኪደረስ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው።

ችግሩ ዋጋው ነበር። በ1949 አንድ ግራም ኮርቲዞን እስከ 200 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ለአንድ በሽተኛ በቀን የሚሰጠው ደግሞ 100 ሚሊግራም ያህል ነው። ስለዚህ ከበሬ ሐሞት ይልቅ የሚረክስ ጥሬ ዕቃ ፍለጋ ተጀመረ፤ ፍለጋውም ወደ ዕፅዋት ዞረ። ወደ ምዕራብ አፍሪካ ስትሮፋንተስ የሚባል ሐረግ ፍሬ የሚፈልጉ ሰዎች ተላኩ። በሜክሲኮ ቦዬ ከሚመስል የዱር ተክል ሥር ሆርሞን መሥራት አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በ1952 የአፕጆን ኩባንያ ተመራማሪዎች ከባዱን የኬሚስትሪ ደረጃ ተራ ሻጋታ ሊሠራው እንደሚችል ገለጹ፤ ከዚያ ወዲህ ዋጋው ወረደ።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የምሥራቅ አፍሪካው ነው። እኛ ቃጫ የምንለውን የሲሳል ተክል በ1893 ወደዚያን ጊዜዋ የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ያስገባው ሪቻርድ ሂንዶርፍ የሚባል ጀርመናዊ ነው። ካስመጣው ሺህ ችግኝ በሕይወት የደረሰው 62 ብቻ ሲሆን በታንጋኒካ የተስፋፋው ሰፊ የቃጫ እርሻ የተወለደው ከዚያ ነው። ከቅጠሉ ለገመድ የሚሆነው ክር እጅግ ጥቂት ስለሆነ የቀረው ጭማቂና ገለባ ይጣል ነበር። በ1950ዎቹ የእንግሊዙ ግላክሶ ኩባንያ ከዚህ ከሚጣለው ጭማቂ ሄኮጀኒን የሚባል ነገር እያወጣ ኮርቲዞንና መሰሎቹን ሠራበት። ከዚያ ዘመን በፊት የምሥራቅ አፍሪካ ሠራተኛ ቃጫ ሲፍቅ በእግሩ ሥር የሚፈሰው ውሃ መድኃኒት ይወጣዋል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

በ1955 ከኮርቲዞን አራት እጥፍ ያህል የሚበረቱት ፕሬድኒሶንና ፕሬድኒሶሎን ገበያ ላይ ዋሉ። የአጎቴ ክኒን እንግዲህ ይህ ነው። በ1977 የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ ፕሬድኒሶሎን ገባበት፤ መግባቱም ተገቢ ነበር። አስም ክፉኛ የተነሣበትን ሰው ከሞት የሚመልስ ርካሽ ክኒን በየጤና ጣቢያው መኖር አለበት።

ነገር ግን ሐኪሞች የክኒኑን ዋጋ ከዚያ በፊት ማየት ጀምረው ነበር። ኮርቲዞን በተሰጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የበሽተኞቹ ፊት እንደ ሙሉ ጨረቃ ከበበ፤ አጥንታቸው ሳሳ፤ የስኳር በሽታ፣ የዓይን ሞራና የደም ግፊት ተከተላቸው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በዓይን የማይታየው ነው። ጤነኛ ሰውነት በቀን የሚያመነጨው ሆርሞን ወደ 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን የሚመጣጠን ነው። ከዚያ የበለጠ ከውጭ በየቀኑ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ይልና ለአድሬናል ትእዛዝ መላኩን ያቆማል። የአምቡሊን ጉድጓድ እናስብ። ከተማው የቧንቧ ውሃ ሲያገኝ ከጉድጓዱ የሚቀዳ ሰው ይጠፋል፤ ጉድጓዱም ቀስ በቀስ በአሸዋ ይሞላል። አንድ ቀን ቧንቧው ቢቋረጥ ወደ ጉድጓዱ መሮጥ አይጠቅምም። ተጠርጎ እንደገና ውሃ እስኪሰጥ ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ በአንድ ቀን የማይቆመው፤ ሐኪም መጠኑን በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት እየቀነሰ ነው የሚያስተው።

ለሳንባስ? በ1956 የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ሁለት ጥናቶች አወጣ። በድንገት ለሕይወት የሚያሰጋ አስም የተነሣባቸውን ሰዎች ኮርቲዞን በግልጽ ጠቀማቸው። አስሙ ሥር የሰደደባቸው ግን በመጀመሪያ የተሻላቸው ቢመስልም ወራት ሲያልፉ ካልወሰዱት ጋር ያላቸው ልዩነት ጠፋ። ስለዚህ ጥያቄው መድኃኒቱ በመላው ሰውነት ሳይዞር ሳንባ ላይ ብቻ እንዴት ይድረስ የሚል ሆነ። መልሱ በ1972 መጣ። ቤክሎሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ በአፍ በሚሳብ መንፊያ ተዘጋጀ፤ መጠኑ በሚሊግራም መሆኑ ቀርቶ በማይክሮግራም ሆነ። ብዙ የአስም በሽተኞች የዕለት ክኒናቸውን ለመተው የቻሉት ከዚያ ወዲህ ነው። በእኛ አካባቢ ግን ለብዙ ዘመን ክኒኑ በየመድኃኒት ቤቱ ሲገኝ መንፊያው ውድና እንደ ልብ የማይገኝ ሆኖ ቆየ። የቃጫውን ነገር ሳስታውስ ይህ ያናድደኛል።

ከሲጋራ፣ ከአቧራና ከማገዶ ጭስ ለሚመጣው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ደግሞ ስቴሮይድ የሚጠቅመው ከአስም ባነሰ መጠን ነው። ሕመሙ ሲባባስ ለጥቂት ቀን የሚሰጠው ክኒን ይረዳል። በ2013 በስዊዘርላንድ የወጣ ጥናት የ5 ቀን ሕክምና ከ14 ቀኑ እንደማያንስ አሳይቷል። የሚሳበው ዓይነት እንኳ ያለ ጥንቃቄ የሚሰጥ አይደለም፤ በ2007 ከስድስት ሺህ በላይ በሽተኞች የተካፈሉበት ጥናት የሳንባ ምች እንደሚያበዛ አመልክቷል።

በጅቡቲም በኢትዮጵያም አንድ ሌላ አደጋ አለ፤ እርሱም የሳንባ ነቀርሳ ነው። የነቀርሳ ጀርም በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ጠባቂው የሰውነት መከላከያ ነው። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጠባቂውን ያደክማል። የሚያስገርመው፣ ከነቀርሳ ጀርሞች ሁሉ ለጥንተ ዘራቸው ይቀርባል የሚባለው ዓይነት አብዛኛው የተገኘው በዚችው በጅቡቲ ነው። ስሙ ካኔቲ ይባላል፤ በፓሪስ የፓስተር ተቋም ይሠሩ ለነበሩት ለጆርጅ ካኔቲ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። እኚህም የኖቤል ተሸላሚው ደራሲ የኤልያስ ካኔቲ ወንድም ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎቴ ለሠርግ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ በአውቶቡስ ሲመጡ ሻንጣቸው ጠፋ፤ ክኒኑ ያለው በሻንጣው ውስጥ ነበር። «ጥቂት ቀን ብተወው ምን እሆናለሁ?» አሉ። እኔም ያው መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመራቸው፤ ከተጋደሙበት ቀና ማለት አቃታቸው። ወባ ነው ያለ ነበር፤ የመንገድ ድካም ነው ያለም ነበር። ሆስፒታል ስናደርሳቸው አንድ ወጣት ሐኪም ግፊታቸውን ለክቶ ፊታቸውን ትክ ብሎ ካየ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«አባትዎ በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«አጎቴ ናቸው። ለትንፋሽ የሚወስዱት ክኒን አለ።»

«ስንት ዓመት ወሰዱት?»

«ስምንት።»

«ማን እያዘዘላቸው?»

መልስ አልነበረኝም። ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥር ተሰጣቸው፣ ጨዋማ ፈሳሽም ተተከለላቸው። ማታ ላይ ውሃ ጠየቁ። በማግሥቱ የተነሣው ራጅ የጀርባቸው ሁለት አጥንቶች መደርመሳቸውን አሳየ። ቁመታቸው ያጠረ የሚመስለን በመጉበጥ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

አክታቸው ተመርምሮ ነቀርሳ አልተገኘባቸውም። የሚሳበው መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ ክኒኑም በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ ሄዶ 5 ሚሊግራም ላይ ቆመ። ዕጢያቸው ገና ሙሉ በሙሉ ስላልነቃ እርሷን አይተዉም፤ ስቴሮይድ የሚወስዱ መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀትም ከመታወቂያቸው ጋር በኪሳቸው ይይዛሉ። ወደ አምቡሊ ሳይመለሱ ድሬዳዋ ከልጃቸው ዘንድ ተቀመጡ። ባለፈው ክረምት ሄጄ ይህን ታሪክ ከአዲሰን ጀምሬ ስተርክላቸው ዝም ብለው አዳመጡና የቃጫው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ገመድ ይገምዱ ነበር።

«ቅጠሉን ስንፍቅ ውሃው እጃችንን ያሳክከን ነበር» አሉ። «ያ ውሃ ነው?»

«ያ ነው ጋሼ።»

እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። በትንሽ ነገር የሚበልዘውን ስስ ቆዳ ዳሰሱና መንፊያውን አቀብለኝ አሉኝ።