በጠመንጃ ውስጥ ተሰንቅሮ የቀረ ጥይት

በመተከል ዞን እንደ ቡለን ባሉ ወረዳዎች የክረምቱ ዝናብ ብርቱ ነው። እርጥበት በሚያገኘው ስፍራ የተቀመጠ ጠመንጃ ጥይት የሚጎርስበት ክፍል ይዝጋል፤ ቀለሃውም ይበላሻል። እንዲህ ያለ ጥይት ከጎረሰ በኋላ ተስቦ ላይወጣ ይችላል።

የተሰነቀረው ባዶ ቀለሃ መሆኑ በዓይን እስኪረጋገጥ ድረስ ያልተተኮሰ ጥይት እንደሆነ ይቆጠራል። ምላጭ ተስቦ ሳይፈነዳ የቀረ ጥይት ዘግይቶ ሊተኩስ ስለሚችል፣ አፈሙዙ ሰውና ከብት ወደሌለበት አቅጣጫ እንደዞረ ቢያንስ 30 ሴኮንድ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያም ጣትን ከምላጩ አርቆ ካዝናውን ማውጣት ይገባል። በተደጋጋሚ ተኩስ በጋለ መሣሪያ ውስጥ ግን ሙቀቱ ብቻውን ጥይቱን ሊያፈነዳው ይችላል፤ እስኪቀዘቅዝ ከአፈሙዙ ፊት መራቅ ግድ ነው።

የከፋው ስህተት ያልተተኮሰን ጥይት በአፈሙዙ በኩል ዘንግ አስገብቶ ለመግፋት መሞከር ነው፤ የሚገፋው ሰው እጅ ጥይቱ በሚወጣበት መስመር ላይ ይውላልና። ሰደፉን ከመሬት ጋር እያጋጩ ማላቀቅም አፈሙዙን ወደ ፊት ያዞራል። ቀለሃውን በቢላ መፈልፈል ወይም መሣሪያውን በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም።

ተኩሱ ከወትሮው የደከመ ድምፅ ከሰጠ እርሳሱ በአፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ጥይት መተኮስ መሣሪያውን በተኳሹ እጅ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል።

በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያለው ባለ መሣሪያ፣ ጥይቱ በእጅ ካልወጣ መሣሪያውን በተሽከርካሪ ሳይጭን ለአቅራቢያው ፖሊስ ያሳውቃል፤ ባለሙያ እስኪደርስም ልጆች እንዳይቀርቡት ይጠብቃል።